ራሴን የቆለፍኩበት ቅዳሜ

ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። አዲስ አበባ ቤቴ ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ደብረ ብርሃን ያለውን የቅርንጫፋችንን ሰርቨር በአንድ መስመር ትእዛዝ ድምፁን አጠፋሁት።

ነገሩ የመጣው ከባክአፕ ነው። 400 ጊጋ የሚሆን ዳታ በየሌሊቱ ከሰርቨሩ ወደ ሌላ ማከማቻ ይገለበጣል። ድሮ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነበር። አሁን ግን ማታ 4 ሰዓት ተጀምሮ ሠራተኛው ጠዋት ሲገባ ገና እያዘገመ ነው። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ማሽን በሚታዘዝበት መንገድ) ገብቼ የኔትወርክ ካርድን ሁኔታ የሚያሳየውንና የሚቀይረውን ኢትቱል የሚባል ትእዛዝ ስጠይቀው መልሱን ፊት ለፊት አስቀመጠው፦ ፍጥነት 100 ሜጋ ቢት። የኔትወርክ ካርዱ የኢንቴል ነው፣ ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር ማለትም ድራይቨሩ ኢ1000ኢ፣ 1000 እንደሚችል እዚያው ስክሪን ላይ ተጽፏል። ማሽኖቹን የሚያገናኘው ስዊችም 1000 ነው። በ100 ሜጋ ቢት ደግሞ በሴኮንድ 11 ሜጋ ባይት ቢገኝ ነው፤ 400 ጊጋ 10 ሰዓት ይበላል። ሒሳቡ ልክክ አለልኝ። ያጠፋኝም ልክክ ማለቱ ነው፤ ‹‹ለምን ወረደ?›› ብዬ መጠየቅ ሲገባኝ ‹‹ላስገድደው›› አልኩ።

ኢትቱል፣ ሰረዝ ኤስ፣ ኢቲኤች ዜሮ (የካርዱ ስም ነው)፣ ስፒድ 1000፣ ዱፕሌክስ ፉል፣ ኢንተር።

ከርሰሩ ቀጥ አለ። አንድ ፊደል ነካሁ፣ የለም። ፒንግ አደረግኩ (‹‹አለህ ወይ?›› ብሎ ሰርቨሩን መጣራት ነው)፣ የለም። ሆዴ ባር ባር አለ።

የሆነው ይህ ነው። ካርዱ ከስዊቹ ጋር ሲገናኝ ‹‹10ም፣ 100ም፣ 1000ም እችላለሁ›› ብሎ ይነግረዋል፤ 1000 አልሳካ ሲል ወደ 100 ዝቅ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። የእኔ ትእዛዝ ድራይቨሩ ጋ ሲደርስ ካርዱን ‹‹ከ1000 ሌላ አላውቅም›› አስባለው። ማፈግፈጊያውን በገዛ እጄ ዘጋሁበት፣ መስመሩም ሞተ።

ዘበኛው ጋ ደወልኩ። የክፍሉ ቁልፍ ካሸሯ ጋ ነው፣ ካሸሯ ለቅሶ ላይ ናት። ሰዓት ተኩል ጠበቅን። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ።

‹‹አባባ፣ ከፊት ለፊቱ ክብ ቁልፍ አለች። አንዴ ጫን አድርገው ይልቀቋት። እንዳይዟት!››

‹‹ብይዛት ምን ትላለች?››

‹‹ከአራት አምስት ሴኮንድ በላይ ከያዟት መብራት እንደሄደበት ድርግም ይልብኛል። ዳታው ይበላሻል።››

‹‹በል እሺ ልጄ፣ እንደ እሳት ነው የምነካት።››

ነካት፣ ሰርቨሩ በሥርዓቱ ተዘጋ፣ ቆይቶ እንደገና አስነሳው። ኢትቱል ያዘዙትን ማሽኑ ሲነሳ የሚረሳ መሆኑ አዳነኝ። ያን መስመር ማስነሻ ፋይል ውስጥ ጽፌው ቢሆን ኖሮ በዚያው ማታ መኪና ይዤ ሄጄ ደብረ ብርሃን አድር ነበር፣ ያውም በዚያ ብርድ።

ለአንድ ሲኒየር ባልደረባዬ ስነግረው አልሳቀም። ‹‹ሹትዳውን ሰረዝ አር ፕላስ 5 አስቀድመህ ነበር?›› ብቻ አለኝ። አላስቀደምኩም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ራሱን እንዲያስነሳ አዝዘህ ሙከራህን ትሞክራለህ፤ ከተሳካ በሰረዝ ሲ ትሰርዘዋለህ፣ ካልተሳካና ከተቆለፍክ ሻይህን እየጠጣህ ትጠብቃለህ። ዘበኛም፣ ካሸርም፣ ለቅሶም አያስፈልግም።

ሰርቨሩ ሲመለስ ያው 100 ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ነው መጀመሪያ ማንበብ የነበረብኝን ያነበብኩት። ዲሜሴጅ በሚባለው የሲስተሙ የመልእክት መዝገብ ውስጥ ድራይቨሩ በግልጽ ጽፎታል፦ ‹‹ሊንክ ስፒድ ዋዝ ዳውንግሬድድ ባይ ስማርትስፒድ››። 1000 ሞክሬ አልሆነልኝም፣ ዝቅ ብያለሁ ማለቱ ነው። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሲናገር ኖሯል።

ሰኞ ሄድኩ። ከሰርቨሩ ጀርባ ያለውን ገመድ ተከትዬ ግድግዳው ጥግ ስደርስ፣ ልባሱ ተልጦ ለሁለት ተከፍሏል። ከስምንቱ ሽቦ ብርቱካናማውና አረንጓዴው ጥንድ ወደ ሰርቨሩ፣ ሰማያዊውና ቡናማው ጥንድ ወደ አዲሱ ፕሪንተር። ሌላ ገመድ ላለመሳብ የተሠራች ብልሃት ናት፤ ክሪምፑ (የገመዱ ራስ አስተሳሰር) ደግሞ ንጹሕ፣ የሚያስቀና። 100 ሜጋ ቢት ሁለት ጥንድ ይበቃዋል፣ ስለዚህ ሁለቱም ይሠራሉ። 1000 ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ከሁለት ጥንድ ላይ በትእዛዝ ጊጋ ቢት ልጨምቅ ነበር።

በሁለቱም ጫፍ አሮጌዎቹን ራሶች ቆርጬ ስምንቱንም ሽቦ በአዲስ ራስ አሠርኩና ኢትቱልን ጠየቅኩት፦ 1000፣ ፉል። ላፕቶፔን ሳላጥፍ ካሸሯ በበሩ ብቅ አለች።

‹‹ፕሪንተሬን ምን አደረግከው?››