መዝገቡን የሚያነብ ሰው ከሌለ፦ ወታደርን በኦንላይን ክብደት ማስቀነስ

ለወታደሮች የሚዘጋጅ የኦንላይን ክብደት መቀነሻ ፕሮግራም ሲታሰብ ቀድሞ የሚታየው ድረ ገጹ ነው። ለውጥ የሚያመጣው ግን ወታደሩ በየቀኑ የሚመዘግበውን ምግብና ክብደት አንብቦ በየሳምንቱ መልስ የሚሰጥ አማካሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ የአሜሪካ አየር ኃይል ጥናት፣ በኢንተርኔት የባሕርይ ለውጥ ድጋፍ ያገኙት አባላት በ6 ወር በአማካይ 1.3 ኪሎ ሲቀንሱ፣ የተለመደውን አገልግሎት ብቻ ያገኙት 0.6 ኪሎ ጨምረዋል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ተአምር የሚጠብቅ ይህን ቀድሞ ይወቅ። በኋላ በቴክሳስ፣ ላክላንድ የአየር ኃይል ሰፈር በተካሄደው ፊት ብሉ በተባለው ጥናት ደግሞ አማካሪው ራሱ እየደወለና ኢሜይል እየጻፈ የተከታተላቸው፣ በራሳቸው ፍጥነት እንዲሄዱ ከተተዉት የተሻለ ቀንሰዋል።

እንግዲህ መልሱ ምን ይምሰል? «በርቱ፣ ጥሩ እየሄዱ ነው» ማንንም አይረዳም። የሚረዳው እንዲህ ያለው ነው፦ «ከ7ቱ ቀን 5ቱን መዝግበዋል። ባዶ የቀሩት ሁለቱ የሌሊት ጥበቃ ላይ የነበሩባቸው ናቸው። ማክሰኞ ተረኛ ነዎት፤ ከመግባትዎ በፊት ሌሊቱን ምን እንደሚበሉ ጽፈው ይላኩልኝ። ስኳር ያለውን መጠጥ በውሃ ይተኩት። ረቡዕ ውጤቱን አያለሁ።» አንድ ችግር፣ አንድ እርምጃ፣ አንድ ቀጠሮ። ከዚያ በላይ የተጨናነቀ መልእክት አይተገበርም።

መዝገቡ 5 ቀን ዝም ካለ መደወል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ግዳጅ ላይ ነበሩ?» ይሁን። ብዙ ጊዜ ዝምታው ከስንፍና አይመጣም፤ ወይ ስልክ የማይገባበት ቦታ ነበሩ፣ ወይ ከልክ በላይ በልተው መጻፉ አሳፍሯቸዋል። ስልክ ለሚከለከልበት ቦታ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይበቃል፤ ሲመለሱ ይገለብጡታል።

ትልቁ እንቅፋት የምዘና ቀን፣ ማለትም የወታደሩ ክብደትና የአካል ብቃት የሚፈተሽበት ቀን ነው። ትርፉ 5 ኪሎ የሆነ ሰው በቀን 500 ካሎሪ ቢያጎድል በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይቀንሳል፤ 10 ሳምንት ማለት ነው። ለልምምድና ለግዳጅ 3 ሳምንት ሲጨመርበት ከምዘናው 13 ሳምንት ቀድሞ መጀመር አለበት። 3 ሳምንት ሲቀረው የሚመጣ ሰው መጨረሻው ይታወቃል፦ ሳውና፣ ውሃ አለመጠጣት፣ የሚያሸና ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት። የጠፋው ውሃ ስለሆነ ሲጠጣ ይመለሳል። በዚያ ሁኔታ በሙቀት የሩጫ ፈተና መሮጥ ደግሞ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው አማካሪው «ለዚህ ምዘና አይደርስም» ብሎ በግልጽ ይንገረው።

አመዛዘኑ ቀላል ነው፦ ከእንቅልፍ እንደተነሱ፣ ሽንት ቤት ደርሰው፣ ሳይበሉ፣ ያለ ቡትና ያለ ትጥቅ፣ ጠንካራ ወለል ላይ በተቀመጠ ያው ሚዛን። ሌሊት የሚሠራ ሰው ከዋናው እንቅልፉ ሲነሳ ይመዘን እንጂ ጠዋት ብሎ ሰዓት አይጠብቅ። የሚነጻጸረው የ7 ቀን አማካይ ከ7 ቀን አማካይ ጋር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 2 ኪሎ ቢወርድ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ይህ ቀድሞ ካልተነገረ በሦስተኛው ሳምንት «ፕሮግራሙ ቆመ» ብሎ የሚተወው ብዙ ነው።

በጋራ ወጥ ቤት ለሚበላ ሰው ዘይቱን መገመት ከባድ ስለሆነ በጭልፋ ቁጥር ይመዝግብ። ሬሽን (ለመስክ የታሸገ የወታደር ምግብ) ላይ ካሎሪው ታትሟል፤ የአሜሪካኖቹ አንዱ ጥቅል 1,250 ካሎሪ ገደማ ነው። የሚመዘገበው ግን የተበላው እንጂ የተሰጠው አይደለም። በእኔ እምነት በከባድ የመስክ ልምምድና በግዳጅ ላይ ካሎሪ ማጉደል መቆም አለበት፤ ያኔ ግቡ ባለበት መቆየት ነው። «ሮጬ አወጣዋለሁ» የሚለውም አያዋጣም፦ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ የሚያቃጥለው 450 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሩጫውን በአንዴ ቢያበዛው ደግሞ የቅልጥም አጥንቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሁለት ነገሮች ከመጀመሪያው መስተካከል አለባቸው። አንደኛ፣ አማካሪው ከዕዝ ሰንሰለት ውጭ ይሁን፤ መዝገቡም ለአዛዥ አይድረስ። አለበለዚያ የሚጻፈው የተበላው ሳይሆን ለአዛዥ ዓይን የሚያምረው ይሆናል። ሁለተኛ፣ የስልኩ የአካባቢ መጠቆሚያ ይጥፋ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ስትራቫ የተባለው የስፖርት መመዝገቢያ መተግበሪያ የሩጫ ካርታ የጦር ሰፈሮችን ቅርጽ በአደባባይ ማውጣቱ ታውቆ ነበር። በቡድን ውይይት ላይም የክፍል ስምና የስምሪት ቀን አይጻፍ፤ «መስክ ላይ ነኝ» ይበቃል።

ግቡ ከተደረሰ በኋላ ምዝገባው ሊላላ ይችላል፣ ሚዛኑ ግን አይተውም። ከግቡ በላይ እስከ 1.4 ኪሎ ድረስ አረንጓዴ ነው። ከዚያ እስከ 2.3 ኪሎ ቢጫ፦ ለሁለት ሳምንት የምግብ መዝገቡ ይከፈታል። 2.3 ኪሎ ከደረሰ ቀይ ነው፤ በዚያው ሳምንት ለአማካሪው ይደወላል፣ የ500 ካሎሪው ቅነሳም እንደገና ይጀመራል።