ኮብልስቶን ከማስነጠፋችሁ በፊት ቧንቧውን አስቀብሩ

የሰፈር መንገድ ኮብልስቶን ለማስነጠፍ ሲታሰብ ሰው ሁሉ ከባዱ ከጎረቤት ገንዘብ መሰብሰብ ይመስለዋል። ዕድር ያለበት ሰፈር ለዚያ አያንስም። አዲስ አበባ ውስጥ በሰፈር ልማት ኮሚቴ ጸሐፊነት ስሠራ ትዕግሥቴን የጨረሰው፣ የውሃ ቧንቧው ጠልቆ እንዲቀበር ውሃ መሥሪያ ቤትን የሚጠይቅ የአንድ ገጽ የወረዳ ደብዳቤ ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ነዋሪውን ሰብስቡ፣ ቃለ ጉባኤ አስፈርሙ፣ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። ማመልከቻው ለወረዳው ከየካቲት በፊት ይግባ፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ዘግይቶ የመጣ ጥያቄ «ለከርሞ» ይባላል።

ወረዳው ነዋሪው ከወጪው የሚያዋጣውን «መጀመሪያ ድርሻችሁን አስገቡ» ይላል። እኔ ግን ልኬቱና የዋጋ ግምቱ በማኅተም ሳይወጣ ሳንቲም አትሰብስቡ እላለሁ። ስሌቱንም ራሳችሁ ሥሩት። 150 ሜትር በ5 ሜትር መንገድ 750 ካሬ ነው። በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የተጠረበው ድንጋይ ክፍተቱ ታስቦ በካሬ ከ80 እስከ 90 ይገባል፤ በጠቅላላው ከ60 ሺህ እስከ 68 ሺህ ገደማ። ከሥሩ የሚነጠፈው አሸዋ በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 38 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ 16 በሚጭን ሲኖ ትራክ ሦስት ቢያጆ።

ወደ ደብዳቤው እንምጣ። የሰፈር ቧንቧ ብዙ ጊዜ ከላይ ከላይ ነው የተቀበረው። ከአሸዋው ሥር በሚሞላው ገረጋንቲ ላይ ሮለር ሲሄድ ይፈነዳል፤ ያኔ ባይፈነዳ እንኳ በኋላ ያፈስና አሸዋውን ጠርጎ ድንጋዩን ያሰምጠዋል። ውሃ መሥሪያ ቤት ያለ ወረዳ ደብዳቤ አያነጋግርም፤ በዚህ አልፈርድበትም። ወረዳው ግን ባለሙያው አዘጋጀ፣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ተመራ፣ ተፈረመ እያለ ቆይቶ «ልከናል» አለን። ደብዳቤው ወጪ ቁጥርና ማኅተም አለው፤ የተኛው ግን እዚያው መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው። የሚያደርሰው ሰው አልተመደበም! «ልከናል» ያሉን ሰዎች መደርደሪያውን ዞር ብሎ ማየት እንኳ ከብዷቸው ነበር። ሮለሩ ሲገባ ቧንቧው ሁለት ቦታ ፈነዳ፤ ጭቃ የሆነውን ገረጋንቲ አስወጥቶ እንደገና ማስሞላት ከነዋሪው ኪስ ሄደ።

ስለዚህ «ልከናል» ሲሏችሁ የመላኪያ መዝገቡን አሳዩን በሉ፤ የተቀባይ ፊርማ ከሌለበት አልሄደም። በእጅ ይሰጠን ብላችሁ ራሳችሁ አድርሱትና ቅጂያችሁ ላይ የተቀባዩን ገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። በደብዳቤው ላይ የመንገዱ ርዝመት፣ ቧንቧው መንገዱን የሚያቋርጥባቸው ቦታዎችና ሮለር የሚገባበት ቀን ይጻፍ፤ ግልባጩ ለክፍለ ከተማው ይሁን። ቃል ብቻ ከሰጧችሁ መረጃ የማግኘት መብትን በሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ስለ ደብዳቤው መረጃ በጽሑፍ ጠይቁ፤ አዋጁ ለመልስ የሚሰጠው 30 ቀን ነው። የሐሳብ መስጫ ሳጥኑን እርሱት፤ እዚያ የገባ ወረቀት ገቢ ቁጥር ስለሌለው ማንም አይጠየቅበትም።

ሮለሩ የሚጠራው የቧንቧው ቦይ ተሞልቶ በደንብ ከተጠቀጠቀ በኋላ ነው። ንጣፉ ሲያልቅ ዳርና ዳር ሲባጎ ወጥሩ፤ 5 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ መሀሉ ከዳሩ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካላለ ውሃው በመንገዱ ዳር ወዳለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ (ዲች) አይወርድም። ሥራው ከሰኔ በፊት ይለቅ፤ የመጨረሻውን ክፍያ ግን የሐምሌ ዝናብ ሳይወርድበት አትልቀቁ። ወረዳው ለሪፖርቱ ሲል ርክክቡን በግንቦት ፈርሙ ብሎ ይወተውታችኋል፤ አትፈርሙ።