ባዶ ክፍል እየጠበቅኩ ሰውዬው ውጪ ያድራል

ሎስ አንጀለስ ዳውንታውን፣ ጎዳና ለነበሩ ሰዎች በህዝብ ብር የተሰራ አፓርትመንት ውስጥ የማታ ሴኩሪቲ ነኝ። አብሮኝ የሚሰራ አንድ ጋሼ አለ፣ የዚህ ቤት ወሬ ከተነሳ አያባራም፣ እሱ የራሱ ቤት ስላለው 2016 ላይ ለእንዲህ አይነት ቤቶች መስሪያ በህዝብ ድምጽ የጸደቀው የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ብድር ከፕሮፐርቲ ታክሱ ላይ ነው የሚቆረጥበት። "እኔ ሁለት ስራ እየሮጥኩ ሞርጌጅ እከፍላለሁ፣ እነሱ በነጻ!" ይላል። በነጻ እንኳን አይደለም ከገቢያቸው 30 በመቶ ይከፍላሉ። በዋጋው ግን አልከራከረውም፣ የከተማው ኦዲት ራሱ 2022 ላይ አንዳንዷ ክፍል ከ700,000 ዶላር በላይ እንደፈጀች አውጥቶታል፣ በዚህ ብር ምን አይነት ግቢ እንደሚገዛ እሱ ሲያስረዳኝ ሌሊቱ ይነጋል።

እኔን ያበገነኝ ሌላ ነው። ሶስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አልቆ ለወራት ባዶውን ተቀመጠ። ራውንድ ስወጣ ገብቼ ሽንት ቤቱን ፍላሽ አደርጋለሁ፣ ካልተነካ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ይደርቅና ሽታው ኮሪደሩን ይሞላዋል። የፍራሹ ላስቲክ እንኳን አልተላጠም። ክፍሉ የታሰበለት ሰውዬ ደግሞ ጥግ ላይ ድንኳን ውስጥ ነው፣ በመስኮቱ ይታየኛል። ምን ቀረ ሲባል ወረቀት። አይዲ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የገቢ ማስረጃ፣ ጎዳና ላይ መኖሩን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ (እኔ በየማታው እያየሁት!)።

እንደምንም አሟላ። ቁልፍ ሊቀበል ትንሽ ሲቀረው ጠዋት የጽዳት መኪና መጥቶ ድንኳኑን ከነቦርሳው ጭኖት ሄደ፣ እሱ ቁርስ የሚታደልበት ሰልፍ ላይ ነበር። ሲመለስ አስፋልቱ ታጥቧል። ጉዳዩን ትከታተልለት የነበረችው ኬዝ ወርከር ስራ ለቃለች፣ አዲሱ ፋይሉን አላገኘውም፣ ስለዚህ እንደገና ከሀ።

ለጋሼ ስነግረው "አላልኩህም? ብሩ የትም አይደርስም!" አለኝ። እውነቱን ነው ግን ንዴቱ ሁሌ የሚያርፈው ድንኳን ውስጥ ያለው ላይ ነው፣ ያ ሰውዬ ከ700,000ው ሳንቲም አልነካም።

ከዛ ወዲህ ወረቀት ይዞ ዴስክ የሚመጣውን ሁሉ ኮፒ አድርጌ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ሱፐርቫይዘሬ ሲያይ "የሰው ዶክመንት ነው፣ ነገ ብንከሰስስ?" ብሎ አስቆመኝ፣ እሱም አልተሳሳተም። አሁን እዛው ፊቴ በስልካቸው ፎቶ አስነስቼ ለራሳቸው ኢሜይል አስልካቸዋለሁ፣ ስልክ የሌለው ሲመጣ ነው የሚቸግረኝ።

ሰውዬው በመጨረሻ ገባ፣ ሌላ ህንጻ። ሶስተኛ ፎቅ ያለውን ለሌላ ሰጥተውታል።