ፊቱን የሸፈነው ወታደር

እኛ ልጆች በነበርንበት ዘመን አዳማ ውስጥ ማንበብ ገንዘብ ያስወጣ ነበር። መጽሐፍ ማለቴ አይደለም፤ ፕሌይስቴሽን ቤቱን ነው። ኳስ የሚጫወት በግጥሚያ ይከፍላል፤ እንደ እኔና እንደ አብሮ አደጌ ረጅም ጨዋታ የሚወድ ደግሞ በሰዓት። ቴሌቪዥኑ ላይ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ባለ ቁጥር ከኋላችን የቆመው ተረኛ "እለፈው! እለፈው!" ይላል። እኛም ሰዓቱ እየቆጠረብን ስለሆነ ቁልፉን እየደጋገምን እንጫናለን። ፋይናል ፋንታሲ 7ን የሚያህል ታሪክ የሞላበት ጨዋታ ታሪኩን እየዘለልን ተጫወትነው።

ጨዋታውን የጃፓኑ ስኩዌር ኩባንያ በፈረንጆቹ 1997 በ3 ሲዲ ያወጣው ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው በእስክሪብቶ 1፣ 2፣ 3 ተብሎ የተጻፈበት ቅጂ ነበር። የባለታሪኮቹን ስም መቀየር ይቻላል። ቁመቱን የሚያህል ጎራዴ የተሸከመውን ክላውድን "ካሳ" አልነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት የሚጠሩበት ስም ነውና ለእንደዚያ ያለ ጎራዴ ከዚህ የተሻለ አላገኘንም። በአራት እግሩ የሚሄደው ቀይ አውሬ ያለ ክርክር "ቡቺ" ሆነ። አውሬው ይናገራል፣ ከጓዶቹ ብዙዎቹንም በአስተዋይነት ይበልጣል፤ ቢሆንም ቡቺ ነው።

ጨዋታው የደረሰበት የሚቀመጥበት ሜሞሪ ካርድ የቤቱ ንብረት ነበር። 15 ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ የእኛ ጨዋታ ከዚያ ውስጥ 1 ይይዛል። ዋንጫቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ያጡ ኳሰኞች አንድ ቅዳሜ አጠፉብን። ሁለተኛው ሲዲ ላይ ደርሰን ነበር። ካሳም ቡቺም በዚያው ቀሩ፤ ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያ ስደት።

አሁን የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ጨዋታው በ2019 በእጅ ለሚያዘው ማጫወቻ ለኔንቴንዶ ስዊች ስለወጣ፣ ዘንድሮ አዳማ እህቴ ቤት ለእረፍት ስመጣ ይዤው መጣሁ። ማጫወቻው የራሱ ባትሪ አለው። መብራት ሲሄድ ቤቱ ሁሉ ሲጨልም እሱ አይጠፋም፤ የልጅነቴ ዋና ጠላት መብራት መጥፋት ነበርና ይህን ማየት ብቻውን ያረካል። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ "አጎቴ፣ ድምፃቸው የማይሰማው ለምንድን ነው? እጃቸውስ ለምን ሣጥን ይመስላል?" እያለ ይጠይቀኛል። ጨዋታውን በሦስት እጥፍ የሚያፈጥን ቁልፍ እንዳለ ሲደርስበት ደግሞ ጭቅጭቅ ተጀመረ። እኔ ተረኛ የሌለበት ጨዋታ ገና ዛሬ ማግኘቴ ነው። የምን መቸኮል!

የጨዋታው ወዳጆች ዘወትር የሚያነሡት በመጀመሪያው ሲዲ መጨረሻ ላይ ከክላውድ ጓዶች አንዷ የሆነችውን የኤሪስን መሞት ነው። ያን ጊዜ እኛም አዝነናል፤ ለዚያ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። እኔን አሁን የያዘኝ ግን ሁለተኛው ሲዲ ላይ ያለው የክላውድ ጉዳይ ነው። ይህ ሰው ከመጀመሪያው አንስቶ "ሶልጀር ነበርኩ" እያለ ይኮራል፤ ሶልጀር የሺንራ ኩባንያ ምርጥ ጦር ነው። የተወለደባት ኒበልሃይም ስትቃጠል እንደ ጀግና እዚያ እንደነበረ ይተርካል። በኋላ እውነቱ ሲወጣ ነገሩ ሌላ ነው። በ14 ዓመቱ ሶልጀር እሆናለሁ ብሎ ለጎረቤቱ ልጅ ለቲፋ ቃል ገብቶ ከመንደሩ ወጣ፤ ግን ሶልጀር አልሆነም፤ ተራ ወታደር ሆኖ ቀረ። ለግዳጅ ወደ መንደሩ ሲላክ ፊቱን የሚሸፍነውን የብረት ቆብ አላወልቅም አለ። ተራራውን የምትመራቸው ቲፋ ራሷ ናት፤ እሱ ከኋላዋ ይሄዳል፣ እኔ ነኝ አይላትም። ቲፋም ከዓመታት በኋላ የጀግንነት ትረካውን ስትሰማ ከምታውቀው ጋር አልገጥም ይላታል፤ ነገር ግን ትታገሠዋለች።

ፍራንክፈርት የማውቀው አንድ የአዳማ ልጅ አለ። ሲወጣ ሠርግ የሚያህል ሽኝት ተደርጎለት ነበር። ከዓመታት በኋላ በሥራ ምክንያት አዲስ አበባ መጣና ቦሌ ሆቴል ይዞ ሰነበተ። በፈጣኑ መንገድ አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ አልሄደም። "ሽኝቱን ያየ ሰው ፊት ምን ይዤ ልቁም?" አለኝ። ሰው እንዳያውቀው መንገድ ላይ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ዝቅ አድርጎ ነበር የሚሄደው። እናቱ መምጣቱን ሰምተዋል፤ የአዳማ ሰው የሌለበት ቦታ የለምና ወሬው በማግሥቱ ደርሷቸዋል። ዛሬም በስልክ ሲያወሩ አያነሡበትም። እኔ ከዚህ ዝምታ ይልቅ ቁጣቸውን እመርጥ ነበር፤ እሱ ግን ዝምታውን ወዶታል መሰለኝ።

ያ ክፍል ላይ ስንደርስ እህቴ ቡና እያፈላች ነበር። ጽሑፉን ለልጁ በአማርኛ እየነገርኩት ሳለ አቋረጠኝ።

"ታዲያ ለምን ቆቡን አያወልቅም? አገሩ አይደለም እንዴ?"

እህቴ ጨዋታውን አንድ ቀን እንኳን ዞር ብላ አይታው አታውቅም። ከረከቦቱ ቀና ሳትል "ባዶ እጁን መጥቶ ነዋ!" አለች።

ልጁ ማጫወቻውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ወታደሩን ደህና አድርጎ ተመለከተው። "ባዶ እጁን አይደለም እማዬ፣ ጠመንጃ ይዟል።"