ጊዮርጊስና የኮምፖስቱ ጉድጓድ

የምሠራው በአንድ የቤተ ክርስቲያን የልማት ድርጅት ውስጥ ነው፤ የአፈርና የኮምፖስት፣ ማለትም ከቅጠል፣ ከአዛባና ከአመድ ተብላልቶ የሚሠራ የብስባሽ ማዳበሪያ ባለሙያ ነኝ። ጊዜው ደቡብ ጎንደር ወዳለችው ፋርጣ ወረዳ የሚወስደው መንገድ ሰላም የነበረበት ጊዜ ነው።

«ለጋሾቹ መስከረም 23 ይመጣሉ። ገበሬው ኮምፖስት ሲገለብጥ ማየት ይፈልጋሉ» አለኝ አለቃዬ በስልክ።

«ጋሼ፣ ጊዮርጊስ ነው እኮ።»

«የዓመቱ ነው እንዴ?»

«የዓመቱስ ሚያዝያ ነው። ግን የደብሩ ታቦት ጊዮርጊስ ነው። የወሩም ቢሆን እዚያ ቀበሌ ዶማ የሚያነሳ የለም።»

«የቤተ ክርስቲያን ድርጅት ሆነን በዓል ነው ብለን እንግዳ ልንመልስ ነው?» አለና ዘጋው። አረፍተ ነገሩን ደጋግሜ አሰብኩበት። እስካሁንም አልገባኝም።

ገጠር ያልሠራ ሰው ይህን ላያውቀው ይችላል። ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔ ዓለም 27፣ ባለ እግዚአብሔር 29። ከወሩ መጀመሪያ ደግሞ ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ አሉ። ሁሉም ቦታ ሁሉም አይከበርም፤ የደብሩ ታቦት ግን በፍጹም አይነካም። ያን ሰሞን ደግሞ መስቀል ገና ማለፉ ነው፣ ግሸን ማርያም በ21 ነች፣ ጊዮርጊስ ተከተለ። ከዚህ የባሰ ቀን መርጦ ማግኘት ራሱ ችሎታ ይጠይቃል።

የደብሩን ቄስ ፕሮጀክቱ ውስጥ ያስገባናቸው በምክንያት ነው። አንድ የንስሐ አባት ቤት ለቤት ሲዞር የሚሰማው፣ እኔ ዓመቱን ሙሉ ስብሰባ ብጠራ አልሰማውም። ማን ዩሪያ ማዳበሪያውን በዱቤ እንደወሰደ፣ ማን ከብቱን ሸጦ ዕዳ እንደከፈለ፣ የማን ልጅ ወደ ሑመራ ለቀን ሥራ እንደሄደ ያውቃሉ። ስለ አፈር ሲያስተምሩም ፍሊፕ ቻርት አይፈልጉም። የደብሩን ቅጥር ያሳያሉ። ከግንቡ ውስጥ ወይራና ጽድ፣ ከሥሩም ጥቁር፣ ለስላሳ አፈር። ከግንቡ ውጭ ባሕር ዛፍና የተራቆተ ቀይ መሬት። ደቡብ ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ የቤተ ክርስቲያን ደን በየደብሩ አለ። ገበሬው ልዩነቱን በባዶ እግሩ ያውቀዋል።

ኮምፖስቱም አዲስ ነገር አይደለም። በትግራይ የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ሱ ኤድዋርድስና ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ሥራውን ከገበሬዎች ጋር የጀመሩት በ1988 ዓ.ም. ነው። እኛ ዘግይተን ነው የደረስነው። ያም ሆኖ ዳፕ የሚባለው የፋብሪካ ማዳበሪያ ሲወደድ ሁሉም ሰው ኮምፖስት ያስታውሳል።

ብቻ 23 ደረሰ። ሁለት ላንድክሩዘር መጣ። ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ ነጭ እንደለበሰ ሞዴል ገበሬያችን ግቢ ተሰበሰበ። የቤቱ እመቤት ከጉድጓዱ ውስጥ ዘንጉን መዘዘችና ለአንዷ እንግዳ ሰጠቻት። ዘንጉ ትኩስ ከሆነ ብስባሹ እየሠራ ነው ማለት ነው። እንግዳዋ ጨበጠችው፣ ሳቀች፣ ለጓደኛዋ አቀበለችው። እኔ በዚያ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። አለቃዬ ግን «አሁን ገልብጡት እስቲ» አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ባልየው ቄሱን አየ። ሁላችንም ቄሱን አየን።

«መምሬ፣ ይኼ እርሻ አይደለም እኮ፤ ቆሻሻ ማገላበጥ ነው» አለ አለቃዬ።

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጉድጓዱን ትንሽ ተመለከቱ። «ከብት በበዓል አይበላም ወይ? ይበላል። አይጠጣም? ይጠጣል። ይኼም በላተኛ ነው። ቅጠል ጣሉለት፣ ውኃ አጠጡት፣ ማንም አይከለክላችሁም። ዶማና አካፋ ግን ይረፉ።»

እኔ ይህን መልስ እስከ ዛሬ በሥልጠና እጠቀምበታለሁ። ገበሬው ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ አንድ ልጅ ውኃ ሊያመጣ ሮጠ። ነገሩ አልቆ ነበር። አለቃዬ ግን የሚፈልገው ፎቶ ነበር፤ ውኃ ማጠጣት ደግሞ ለፎቶ አይሆንም።

«እንግዲያው እኔ ልገልብጠው» አለ።

«እርስዎ እንግዳ ነዎት፤ እጅዎን አልይዝም» አሉ ቄሱ። «በዓል ተሽሮ በረዶ ቢመታን ግን ገበሬው እርስዎን ፍለጋ አዲስ አበባ አይሄድም። የሚያገኘው ይኼን ልጅ ነው።» በመቋሚያቸው ጠቆሙኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ይኼኔ ነው የቤቱ እመቤት ነጠላዋን አስተካክላ «መምሬ፣ እኔም አንድ ነገር ልበል?» ያለችው።

«በይ ልጄ።»

«ጉድጓዱ ይረፍ አሉ፣ ጥሩ። እኔስ መቼ ነው የማርፈው? ውኃውን ከወንዝ የማመጣው እኔ፣ አዛባውን የማፍሰው እኔ፣ አመዱን የምጠርገው እኔ። በበዓልም ጠላው፣ እንጀራው የኔ ነው። ይሁን። ግን አዛባው ሁሉ ጉድጓድ ከገባ ኩበት በምን እጠፈጥፋለሁ? በምን እጋግራለሁ? የሚሸጠውስ ኩበት? የልጆቹን ደብተር የምገዛው በሱ ነበር።»

ግቢው ዝም አለ። ባልየው መሬት መሬት ያያል። ቄሱ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ለሁሉም ነገር መልስ የማያጡ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን «እውነትሽን ነው» ብቻ አሉ።

እዚህ ጋ ነበር መቀመጥ የነበረብን። ስለ አፈር ጤና በየመድረኩ የምናወራው ሁሉ ያለ ማገዶ ባዶ መሆኑን በአንድ ትንፋሽ ነግራናለች። እኔ ወደ እንግዶቹ ዞሬ ላስረዳ ስል አለቃዬ ሰዓቱን አየ። «ምሳ እየጠበቀን ነው» አለ። ሾፌሩ አካፋ አቀበለው፣ ሁለት ጊዜ ዛቅ አደረገ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ሄዱ።

ጥቅምት ሲገባ በረዶ መጣ። እንዲሁ ስስ በረዶ አይደለም። የቀበሌውን ገብስ ግማሽ በግማሽ አስተኛው። ፋርጣ ውስጥ በዚያ ወቅት በረዶ ብርቅ አይደለም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ገበሬውም ያውቃል። ቢሆንም ገበያ ውስጥ ሳልፍ «ያውና በረዶ ጠሪው» ሲሉ ሰማሁ። ቄሱ ጋ ሄጄ አማረርኩ። «መምሬ፣ እኔ እኮ አልነካሁም!»

«አውቃለሁ ልጄ፣ አልነካህም። አካፋው ግን በማን ፊርማ ነው ከመጋዘን የወጣው?»

በኔ ነው። የንብረት መረከቢያው ላይ እስከ ዛሬ በስሜ አለ። በኋላ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው «ልጁን ተዉት» ብለውልኛል። የሚሉኝ ግን እስከ ክረምቱ አልተዉኝም።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ሪፖርት «ተግዳሮት» በሚለው ሥር «የበዓላት መብዛት» ይላል። «መፍትሔ» በሚለው ሥር ደግሞ «ለካህናት የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና መስጠት»። በበዓል ቀን ኮምፖስት እንዴት እንደሚያዝ ለሁላችን ያስተማሩን ሰው ግንዛቤ ሊጨበጥላቸው ነው። ሥልጠናው የተያዘው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጥቅምት 27፣ የዓመቱ መድኃኔ ዓለም። ግማሹ ካህን ቅዳሴ ላይ ነበር፣ ግማሹ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ቄሳችን የመጡት ለሻይ ሰዓት ነው። አበላቸውን ፈርመው ወሰዱ፣ መርቀውን ሄዱ።

ስለ ኩበቱ ሪፖርቱ ውስጥ አንድ መስመር የለም። ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ አስገብቼ ነበር። «ከግብርና ጋር ያለው ግንኙነት ይብራራ» ተብሎ ተመለሰ። አብራራሁ። ድጋሚ ተመለሰ። ባነርና ቲሸርት ግን ከግብርና ጋር ያላቸውን ግንኙነት ማንም አልጠየቀም።

በጥር ለክትትል ስሄድ ጉድጓዱ ግማሽ ነው። እመቤቲቱ አዛባውን ለሁለት ከፍላዋለች፤ ግማሹ ለጉድጓዱ፣ ግማሹ በግድግዳው ላይ ተጠፍጥፎ ፀሐይ ይሞቃል። ጥሩ ነው የሠራሽው አልኳት። ቅጹ ግን የሚጠይቀው በሜትር ኪዩብ ነው። ሜትሬን አውጥቼ ስለካ አይታ ሳቀች።

«ሙሉ ነው ብለህ ጻፈው ወንድሜ፣ አንተንም እንዳይቆጡህ።»

ግማሽ ብዬ ጻፍኩ። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ሙሉ ሆኖ ወጣ።