የበሽታዬን ስም አሳውቂኝ ብዬ ነበር

እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፤ የእመቤቴ ምልጃ አይለየኝ። ቆየት ብዬ ነው የምመሰክረው፣ ግን ከብት ያላችሁ ሁሉ እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ።

ሱሉልታ ውስጥ ስድስት የወተት ላሞች ነበሩኝ። ባለፈው ሰኔ ሻሼ የምላት ላም በሰባት ወሯ ጨነገፈች። የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ አስጨነቀን። እጅጌዬን ሰብስቤ በባዶ እጄ አወጣሁት። እናቴም አያቴም እንዲህ ሲያደርጉ እያየሁ ነው ያደግሁት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ታመምኩ። ጠዋት ደህና ነኝ፣ አልቤ ወተቴን አስረክባለሁ፤ ወደ ማታ ሰውነቴ ይግላል፣ ሌሊት አንሶላው እስኪጨመቅ ያልበኛል። ለጥቂት ቀን ይተወኛል፣ ዳንኩ ስል ይመለሳል። ወገቤ ደግሞ ጎንበስ ብዬ ማለብ ከለከለኝ። ክሊኒክ ሄድኩ፣ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። መድኃኒቱን ጨረስኩ። ሌላ ቦታ ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ ነው አሉኝ፣ ያንንም ዋጥኩ። ሰፈር ውስጥ ምች ነው፣ ብርድ ነው፣ ቡዳ ነው ያላለኝ የለም። አራት ወር ሙሉ! ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ። ልጄ ማታ ማታ ግንባሬን እየነካች "እማ፣ ዛሬም?" ስትለኝ ከሕመሙ በላይ ያ ያመኝ ነበር።

ኅዳር 16 እናቴ ደግፋ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወሰደችኝ። ጸበሉን ተጠመቅኩ። ያን ቀን አድኚኝ ለማለት እንኳን አቅም አጣሁ። "እመቤቴ፣ ቢያንስ የበሽታዬን ስም አሳውቂኝ" ነው ያልኩት። ጃንጥላ ተሳልኩ።

በሦስተኛው ቀን ሌላ ላም ጨነገፈች። አለቀስኩ፤ ጸሎቴ ያልተሰማ መሰለኝ። የመጣው የእንስሳት ሐኪም ወጣት ልጅ ነው። እስከ ትከሻው የሚደርስ ጓንት አድርጎ ሠራ። ሲጨርስ "የበፊቷን ማን ነው ያወጣላት?" አለ። እኔ ነኝ አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ። "እትዬ፣ እርስዎስ ጤና ነዎት?"

ለላም የመጣ ሐኪም ነው የኔን ጤና የጠየቀኝ! ትኩሳቱን፣ ላቡን፣ ወገቤን ነገርኩት። "ሐኪም ቤት ሄደው ከብት እንደሚያረቡ፣ ላም እንደጨነገፈችብዎ ይንገሯቸው፤ ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አለ፣ እሱን መርምሩኝ ይበሉ" አለኝ። ለካ አራት ወር ስመላለስ ሥራሽ ምንድን ነው ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም። ደሜ ታየ፣ እሱው ሆነ። የለመንኩት ስም። እ.ኤ.አ. በ1887 ማልታ ደሴት ላይ ጀርሙን ባገኘው ዴቪድ ብሩስ በተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ስም ነው የተሰየመው።

ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን ለስድስት ሳምንት ታዘዘልኝ። ሽንቴ ብርቱካንማ ሲሆን ደነገጥኩ፣ ለካ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ዶክሲሳይክሊኑን ከወተት ጋር እንዳልወስድ ተነገረኝ፤ የነቢያት ጾም ስለነበር አልቸገረኝም። በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ሐኪሟ ግን "ቢሻልሽም እንዳታቋርጪ፣ ያገረሻል" ብላኝ ነበርና እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ዋጥኩ። እናቴና ልጄም ተመረመሩ፣ ነጻ ናቸው፣ ተመስገን።

ላሞቹ ሲመረመሩ ሁለቱ ላይ ተገኘ። አንዷ ሻሼ ናት። ራቅ ወዳለ ገበያ ወስጄ ምንም ሳልናገር ልሽጣት ብዬ አስቤያለሁ፣ አልዋሽም፤ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ከሷ ወተት ነበር የሚወጣው። ግን የሌላ ልጅ እናት እንደኔ ትተኛ? አልቻልኩም። ሐኪሙ እንዳለኝ ሁለቱም ለእርድ ሄዱ። ሻሼ ስትወጣ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

አሁን እኛ ቤት ወተት ሳይፈላ አይጠጣም፣ እርጎውም ከፈላ ወተት ነው የሚረጋው። ላም ስትወልድ ጓንት አለ። የጨነገፈ ነገር ለውሻ አይጣልም፣ በጥልቅ ይቀበራል። ጎረቤቶቼም ጓንት ለምደዋል።

የካቲት 16 የዓመቱ ኪዳነ ምሕረት ነው። ጃንጥላዬን ይዤ እንጦጦ ሄድኩ። በኅዳር እናቴ ደግፋ ያወጣችኝን ዳገት አሁን እኔ እሷን ደግፌ ወጣሁት።