«ዱዋል» በምትባል አንዲት ቃል ሥራዬ ስንት ወር ተጓተተ

ይሄን የምጽፈው እኔን ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ወሰድኩ፣ ቀጥዬ የሎ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አወጣሁ፣ እስከዚህ ሰላም ነበር። ጉዱ የመጣው ለመንግሥት ኮንትራክተር ሥራ ሳመለክት ነው። ፎርሙ ዱዋል ሲትዝን (የሁለት አገር ዜጋ) ነህ ወይ ይላል። ፎርም የሚሞላልን አንድ ሰውዬ «የሎ ካርድ ካለህማ ዱዋል ነህ» አለኝ፣ እኔም ስልኬ ዱዋል ሲም ነው ሁለት ካርድ ይይዛል፣ ያው እኔም ሁለት ካርድ አለኝ ብዬ አዎ አልኩ።

«በዝርዝር አስረዳ» ስለሚል ሌሊቱን ሙሉ አምጬ አንድ ገጽ ደብዳቤ አያያዝኩበት። ከሁለት ወር ዝምታ በኋላ ተጠራሁ። ሴትዮዋ ደብዳቤዬን አራት ቦታ በማርከር አቅልማዋለች። «ለመሆኑ ከማን ጋር ነው የምትፋለመው?» አለችኝ። ለካ dual ማለት ሲገባኝ በኤ (a) ፋንታ ኢ (e) አድርጌ duel ብዬ ጽፌ ኖሯል፣ እንደዛ ሲጻፍ ደግሞ ሁለት ሰዎች ቀጠሮ ይዘው በሰይፍ ወይ በሽጉጥ የሚጋጠሙበት ነገር ነው። ሲነገሩ አንድ ስለሆኑ ጆሮ አይለያቸውም፣ ስፔል ቼክም ቃሉ ያለ ቃል ስለሆነ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። እሷ ሳቀች፣ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ቀጥላ «የኢትዮጵያ ፓስፖርትህስ?» የሎ ካርዴን ሰጠኋት፣ አገላብጣ አየችውና «ይሄ ዜግነት አይደለም» ብላ መለሰችልኝ። እውነቷን ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 የሌላ አገር ዜግነት ወዶ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጠራል። የሎ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባሃል፣ ያሠራሃል፣ ግን አትመርጥም አትመረጥም። ዱዋል ሲባል ሁለቱም በአንዴ የሚሠሩ መሆን አለባቸው፣ መንጃ ፈቃድ ማስተማሪያ መኪና ላይ አስተማሪው ጋ ያለው ፍሬን ካልያዘ ዱዋል ኮንትሮል አይባልም አይደል?

ደብል ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱ እጥፍ ነው። ደሞዝ ደብል ይሆናል፣ አልጋ ደብል ይባላል፣ ሆቴል ሄደህ ዱዋል አልጋ ብትል ግራ ነው የሚገባቸው።

ፎርሙ ዝርዝር ቢልህም እኔ የምልህ አንድ መስመር ጻፍና ተው፣ ደብዳቤ በረዘመ ቁጥር ስህተት ነው የምትጨምርለት። «አይደለሁም» ብዬ እንደገና ሞላሁና ሌላ አምስት ሳምንት ጠበቅኩ። ሰውዬው ግን እስካሁን ሀያ ሀያ ዶላር እየተቀበለ ለሰው ፎርም ይሞላል።